ባቡር ያልመጣበት ሐዲድ፦ የአንድ የኮምቦልቻ ወጣት የሥራ ፍለጋ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት ባለጉዳዩ ስለተሳካለት አይደለም፤ ተሳክቶለታል ወይ ለሚለው ጥያቄ እሱም እኔም እስካሁን አንድ ዓይነት መልስ የለንም። የጻፍሁት፣ በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ሠልጣኞችን በሥራ ምርጫ የማማክረው እኔ፣ ይህን ልጅ ለዓመታት እያገኘሁትና እያበረታታሁት አንድ ቀላል ጥያቄ ሳልጠይቀው በመቅረቴ ነው። ከመጀመሬ በፊት ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ ስሙንም ሆነ የሠራባቸውን ቦታዎች ስም እንዳልጠቅስ ተስማምተናል። ስለዚህ «ወጣቱ» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ወጣቱ ተወልዶ ያደገው ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። አባቱ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ እናቱ ሰፌድና ሌማት እየሰፉ ገበያ ያወጣሉ። በ2007 ዓ.ም. የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን የባቡር መሥመር መሥራት ሲጀምር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከአዋሽ ቆላ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ በዋሻና በድልድይ እየወጣ፣ ከዚያም ወደ ወልዲያ አቅጣጫ የሚዘልቀው ይህ መሥመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አፈር የሚዝቁትን ማሽኖች ቆሞ ማየት ልማዱ ሆነ፤ ሐዲዱ ሲዘረጋ ደግሞ ብረቶቹ ተጋጥመው የተበየዱበትን ቦታ እየቆጠረ፣ እናቱ በሰው እስኪያስጠሩት ድረስ መሥመሩን ተከትሎ ይሄድ ነበር። ሲያድግ ምን እንደሚሆን ለጠየቀው ሁሉ «ባቡር ነጂ» ይል ጀመር።

በዚያን ጊዜ ይህ መልስ የሕፃን ቅዠት አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም አዲሱ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መሥመር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ከተማዋ ደረቅ ወደብም ነበራት። ጭነት ካለ፣ ሐዲድም ካለ፣ ነጂ መፈለጉ አይቀርም የሚለው ስሌት ልጁ ብቻ ሳይሆን እኛ ትልልቆቹም የያዝነው ስሌት ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ወደ ማሠልጠኛችን ሲመጣ ማሽኒንግ፣ ማለትም ብረትን በማሽን ቆርጦ ቅርጽ የማስያዝ ሙያ፣ መረጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገርሁት ያኔ ነው። የባቡር ነጂነት ሥልጠና በአካባቢያችን እንደማይሰጥ ያውቃል፤ «ብረት የሚቆርጥ ሰው ከባቡር አይርቅም» ብሎ ማሰቡን ነገረኝ። አነጋገሩ ደስ አለኝ። በመዝገቤ ላይ «ግቡን ያወቀ፣ የሚበረታታ» ብዬ ጻፍሁ። ዛሬ ያንን ገጽ ስገልጠው አፍራለሁ፤ ምክንያቱም ከሥሩ መጻፍ የነበረብኝ፣ ለነጂነት የሚቀበሉት በምን መስፈርት እንደሆነ እንዲያጣራ የሚል አንድ መሥመር ነበር። በእኛ ሙያ ህልም ያለው ሠልጣኝ ሲመጣ ደስታው ራሱ ያዘናጋል። ምን እንደሚፈልግ የማያውቀውን ልጅ በጥያቄ እናፋጥጠዋለን፤ የሚያውቀውን ግን አይዞህ ብለን እንሸኘዋለን።

ሥልጠናውን ጨርሶ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ካለፈ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን የሚሠራበት ቦታ፣ ተቀጠረ። ቦታው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚለያዩት እዚያ በመሆኑ የተሳቢ መኪና ጥገና አይጠፋም። ወጣቱ የፍሬን ታምቡር ሲያስተካክል፣ የተበላ አክስል ሞልቶ ሲቆርጥ ይውላል። ከባለቤቱ ጋር አባትና ልጅ የሆኑ ያህል ተግባብተው ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ጣቢያው ቆሞ፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመት ዓመትን ይተካል። ለባቡሩ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ አቅርቦት ጉዳይ ዋነኛው ማነቆ እንደሆነ ይነገር ነበር። የሰፈር ሰው ወጣቱን ሲያገኘው «ባቡርህ ደረሰ ወይ?» እያለ ይቀልድበታል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ። ስለዚያ ጊዜ እሱም ብዙ አይናገርም፣ እኔም አልጨምርም። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ስትለቀቅ ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሊነሣ ያልቻለው የማሽኑ አካል ብቻ ነበር፤ የመቁረጫ ቢላዎቹ፣ የመለኪያ ካሊፐሮቹ፣ ሞተሩ ሳይቀር ተወስደዋል። ወጣቱ ከባለቤቱ ጋር አምስት ወር ሙሉ በነጻ ሊባል በሚችል ክፍያ ማሽኑን መልሶ ሲያቆም ከረመ። የራሱን መሥመር ከመጠበቅ ባቡር ወዳለበት መሄድ እንዳለበት የወሰነው በእነዚያ ወራት እንደሆነ ነግሮኛል።

በ2015 ዓ.ም. ከወሎ ውጪ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ የባቡር ድርጅት የነጂነት ሠልጣኞችን እንደሚቀበል ሰማ። ያደረገው ዝግጅት ከማውቃቸው ሥራ ፈላጊዎች ሁሉ የተለየ ነበር። የቀደሙ ሠልጣኞችን በሰው በሰው አፈላልጎ በስልክ ጠየቀ፤ አዲሱ መሥመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድና 25 ኪሎ ቮልት የሚወስድ ሎኮሞቲቭ እንዳለው፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትሩ ከጥንቱ የጂቡቲ ባቡር በምን እንደሚለይ አጠና፤ የሲግናል ደንቦችንም በቃሉ ያዘ። የጽሑፍ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን አለፈ። የቀረው የጤና ምርመራ ነበር። ያንን ማንም እንደ ፈተና አልቆጠረውም፤ ልጁ ጤነኛ ነው፣ እጆቹም የቶርኖ ሠራተኛ እጆች ናቸው።

በምርመራው ክፍል የሆነውን እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ። ነርሷ በነጠብጣብ የተሞላ ክብ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከፈተችለትና ውስጡ የሚታየውን ቁጥር እንዲያነብ ጠየቀችው። «12» አለ። ቀጣዩን ገለጠች፤ «3» አለ። ምንም ሳትናገር ገለጠች። ሦስተኛው ላይ «5» አለ። አራተኛው ላይ ዘግየት ብሎ «70» አለ። ጥቂት ገጾች ካለፉ በኋላ በመጡት ላይ ግን ነጠብጣብ እንጂ ቁጥር አልታየውም፤ ነርሷ ልታታልለው መስሎት ሣቀ። እሷ ግን አልሣቀችም።

ያ መጽሐፍ የጃፓኑ የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣው ነው፤ ሙሉው 38 ሰሌዳዎች አሉት። የመጀመሪያውን 12 ማንም ያነባል። ሁለተኛው ላይ ቀለም በደንብ የሚለይ ዓይን 8ን ሲያይ፣ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ዓይን 3ን ያያል፤ ሦስተኛው ላይ 6 ሳይሆን 5፣ አራተኛው ላይ 29 ሳይሆን 70 ይታየዋል። ወጣቱ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ስለ ራሱ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በዚያ ቀን ነው። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ ለነጂነት ብቁ አይደለም።

መስፈርቱ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝና አብረን ፈለግን። እ.ኤ.አ. በ1875 ስዊድን ውስጥ ላገርሉንዳ በሚባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። የኡፕሳላው የፊዚዮሎጂ ምሁር ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን፣ ከምልክት መብራቱ ጋር በተያያዘ የቀለም መለየት ችግር ለአደጋው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተከራከረ፤ የአደጋው ትክክለኛ መንሥኤ ያ ነበር ወይ የሚለው በኋላ ዘመን ተመራማሪዎችን ያከራከረ ቢሆንም፣ የባቡር ሠራተኞች ዓይን እንዲመረመር ያደረገው የእሱ ጥረት ነው። ሆልምግሬን የሚመረምረው በመጽሐፍ አልነበረም። ቀለም የተነከሩ የሱፍ ክር ጥቅሎችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አንዱን አንሥቶ «ይህንን የሚመስሉትን ምረጥልኝ» ይል ነበር።

ይህን ሳነብለት ወጣቱ ዝም አለ፤ ቆይቶም ስለ እናቱ ነገረኝ። እናቱ ስፌት ላይ ተቀምጠው አለላ አቀብለኝ ሲሉት፣ ቀይ ሲጠይቁት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ሲጠይቁት ቀይ እያነሣ ያበሽቃቸው ነበር። ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብለው፣ ኋላ ላይ አለላውን በሁለት የተለያየ ቁና ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በቀኝ ያለው ቀይ፣ በግራ ያለው አረንጓዴ። እሱም በቁናው አቀማመጥ እንጂ በቀለሙ እንደማይለይ ሳይታወቀው አደገ። የእናቱ ታላቅ ወንድም ሸማኔ ናቸው፤ የጥለቱን ክር ሁልጊዜ የሚመርጡላቸው ባለቤታቸው እንደሆኑ ቤተሰቡ ያውቃል፣ ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ይህ ዓይነቱ ችግር የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም በኩል በመሆኑ፣ እናት እሷ ደህና እያየች ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች፤ አጎትና የእህት ልጅ የሚጋሩትም በዚህ የተነሣ ነው። በሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ምልክቱ በየቤቱ ተቀምጦ ነበር። የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው እኔ ልሆን ስችል አልሆንሁም።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። አንድ የሚያውቀው ሰው መላ አመጣለት፦ ሰሌዳዎቹ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሸምድድና ሌላ ቦታ ተመርመር። ወጣቱ ቁጥሮቹን በአንድ ሌሊት ያዛቸው። ከዚያም ወደ ቢሮዬ መጥቶ ምን እንደምል ጠየቀኝ። ወዲያው አይሆንም አላልሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ የስምንት ዓመት ምኞት በነጠብጣብ ሥዕል ሲቀር ማየት አልሆንልህ ብሎኝ፣ አንተ ምን ታስባለህ ብዬ መልሼ ጠየቅሁት፤ ይህ የአማካሪ ዘዴ አልነበረም፣ ሽሽት ነበር። እሱ ግን ለሳምንት አሰበበትና ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ሸምድጄ ባልፍ፣ መብራቱን ማን ይሸመድድልኛል?» አለኝ። የፍሬን ታምቡር ሲቆርጥ የኖረ ልጅ፣ በቁልቁለት ላይ የሚመጣ ክብደት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ቀጥሎ ለአራት ወር ያህል ጠፋ። እናቱ «አብሽር ልጄ» ይሉታል፣ ጎረቤቱም «አብሽር»፣ የቶርኖ ቤቱ ባለቤትም «አብሽር»። በወሎ ይህ ቃል ብዙ ሸክም ያቃልላል፤ ለዚህ ልጅ ግን በየደጁ ሲደጋገምበት መሸሽ የጀመረው ከሚያጽናኑት ሰዎች ነበር። ሳይፈልገኝ ሄጄ አገኘሁት። ሥራ ላይ ነበር፤ ማሽኑን አላጠፋም፣ እኔም አላስጠፋሁትም።

በዚያን ቀን ያነሣሁለት ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ማንሣት የነበረብኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ ባቡር ስትል ዓይንህ ላይ የሚመጣው ምኑ ነው? ቀና ሳይል መናገር ጀመረ። የተናገረው ስለ ነጂው ወንበር አልነበረም። የመኪና ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ዲፍሬንሻል እንደሚያስፈልጋቸው፣ የባቡር ሁለቱ ጎማዎች ግን ከአክስሉ ጋር ተጣብቀው እኩል እንደሚዞሩ አስረዳኝ። ታዲያ በመታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ የበለጠ መንገድ መሄድ ሲገባው እንዴት አይንሸራተትም? ሐዲዱን የሚረግጠው የጎማው ገጽ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ውጭ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ባቡሩ ሲታጠፍ አክስሉ በትንሹ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያን ጊዜ የውጭው ጎማ በወፍራሙ ክፍሉ፣ የውስጡ ጎማ በቀጭኑ ክፍሉ ይረግጣል። ከጎማው የውስጥ ጠርዝ ወጣ ብሎ ያለው ከንፈር ሐዲዱን የሚነካው ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው። «ሰው ባቡሩን የሚይዘው ከንፈሩ ይመስለዋል» አለኝ፤ በሃያ ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የምትቀንስ ተዳፋት ያን ያህል ክብደት እንደምትመራ ሲናገር እጁ ላይ ካሊፐሩን እየከፈተና እየዘጋ ነበር።

ያ ተዳፋት በአገልግሎት ብዛት ይበላል፤ ሲበላም ጎማው ተፈትቶ ወይም እንደተገጠመ በትልቅ ቶርኖ ላይ እንደገና ቅርጽ ይይዛል። ይህ ሥራ የሚሠራው በማሽኒስት ነው። እኔና እሱ ይህን አንድ ላይ ያሰብነው በዚያች ሰዓት ነው ብል ጽሑፉ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን እሱ ጉዳዩን ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ «ከነጂነት ወድቆ ጥገና ገባ» እንዳይባል ስለፈራ ነው ያላነሣው። ይህን ፍርሃት አቃልዬ አላየሁበትም። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል እያልን ልጆችን የምናባብልበት ልማድ የጠፋውን ነገር ዋጋ ያሳንሳል። የነጂነቱ ወንበር ለእሱ ጠፍቷል፤ ዛሬም ሲያነሣው ድምፁ ይለወጣል።

አፈላለጉ በማስታወቂያ አልነበረም። አብረውት ተፈትነው ያለፉ ሁለት ልጆች ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ በእነሱ በኩል የጎማ ሥራ የሚሠራበትን የጥገና ማዕከል አወቀ። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ላከ፣ መልስ የለም። ሦስተኛውን ወረቀት ከመላክ ይልቅ ከተጣለ የአክስል ቁራጭ ላይ አንድ ትንሽ የባቡር ጎማ ቆረጠ፦ ከትክክለኛው አንድ አራተኛ የሚያህል፣ ከንፈር ያለው፣ ገጹ በየሃያ ሚሊ ሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወርድ። ሥራው አሥራ አንድ ምሽት ወሰደበት። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ማዕከሉ በር ላይ ሁለት ቀን ቆሞ የክፍሉን ኃላፊ አገኘ።

ኃላፊው ጎማውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸው ገጹን ዳሰሱ፣ ከዚያም ከንፈሩና ገጹ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆም አሉ። ወጣቱ ጥጉን ስል አድርጎ ነበር የቆረጠው። «ብረት የሚሰነጠቀው እዚህ ነው» አሉት፤ ጭነቱ በስል ጥግ ላይ ስለሚከማች ያ ቦታ ክብ ሆኖ መውጣት አለበት። ክብ ማድረጊያ ቢላ ሰጥተው፣ በእነሱው ቶርኖ ላይ እዚያው እንዲያስተካክለው አዘዙት። አስተካከለ። ስለ ዓይኑ የነገራቸው ማሽኑን ካጠፋ በኋላ፣ እጁን እየጠረገ ነው። አስቀድሞ በማመልከቻው ላይ ይጻፈው ወይስ አይጻፈው በሚለው ላይ ከእኔ ጋር ተከራክረን ነበር፤ እኔ ይጻፍ ባይ ነበርሁ፣ እሱ መጀመሪያ እጄን ይዩት አለ። አሁን ሳስበው የእሱ ይሻል ነበር፤ ዋናው ቁም ነገር ከመቅጠራቸው በፊት መናገሩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በስድስት ወር ኮንትራት ተቀጠረ፤ ባቡሮች ከሚንቀሳቀሱበት ግቢና ከመሥመር ላይ ሥራ ውጪ እንዲሆን በጽሑፍ ተደርጎ። የመጀመሪያ ደመወዙ ኮምቦልቻ በጥሩ ወር ከሚያገኘው ያነሰ ነበር። የቤት ኪራይ አለ፣ የቆላ ሙቀት አለ፣ በየወሩ ለቤት የሚላከው አለ። ኮንትራቱ ታድሷል፤ የቋሚነቱ ጉዳይ ይህን ስጽፍ አልተቆረጠም። ስለ ሥራው በስልክ ሲነግረኝ ግን ስለ ገንዘብ አያወራም። አንዴ፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ሲቆርጥ የሚወጣው የብረት ፍርፋሪ ከገለባ ቢጫ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር ወለል ብሎ እንደታየው ነገረኝ። ሙቀቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሚቸግሩት ቀይና አረንጓዴ ናቸው፤ ቢጫና ሰማያዊ ተለይተው ይታዩታል።

ባለፉት ወራት በድምፅ ሞገድ የአክስልን ውስጣዊ ስንጥቅ የመመርመር ሥልጠና እንዲገባ ሐሳብ ቀርቦለት አማከረኝ። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ማመልከቻውን አላነሣንም፤ መጀመሪያ የዓይን መስፈርቱን አጣራን። በዚያ ሙያ ቅርብ የማየት ችሎታ እንደሚመረመር፣ ቀለምን ወይም የግራጫ ድምቀትን መለየት ደግሞ አሠሪው በሚወስነው መጠን እንደሚጠየቅ አገኘን። ስለዚህ አሠሪው የሚጠይቀው የትኛውን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቋል፤ መልሱ አልመጣም።

ለመስቀል በዓል ኮምቦልቻ መጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐዲዱ አብረን ወጣን። ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ጀርባው እንደ መስታወት ያበራል፤ የእኛው ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ የመስከረም ሣር በቅሎበታል። ተንበርክኮ ሣሩን ገለጥ አደረገና ብረቱን እያየ፣ «ይሄ ከሣሩ ጋር አንድ ነው የሚመስለኝ፤ ዝጓል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። አውራ ጣቱን በሐዲዱ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተውና ጫፉን አሸት አሸት አድርጎ፣ «ላይ ላዩን ነው፤ አልበላውም» አለ።